የስለት ልጅ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ የፍቅር ልብ ወለድ ከየት ፈለቀ?

አንድ ደራሲ ስለ ፍቅር ሲጽፍ አሳቡን ከየት ያመጣዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ደራሲው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ፣ የሚጽፈውም በሃይማኖት ለኖረ ሕዝብ ሲሆን መልሱ በዋዛ የሚገኝ አይደለም። በብዙ ሰው አስተያየት ፍቅርና ሃይማኖት ጎን ለጎን የሚሄዱ ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን የሚያሳድድ ሆነው ይታያሉና ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት በአንድ ደራሲና በአንድ መጽሐፍ ላይ መመርመር ነው። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ፣ መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

ለምርመራው መነሻ የሆነኝ የመርካቶ ገበያ ነው። በአዲስ ከተማ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከታላቁ አንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ፣ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለና ጥራዙ በክር የተሰፋ አንድ ቅጂ ገዛሁ። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ መጽሐፉን ሲሰጠኝ፣ «ልጁን ያጠፋችው እናቱ ናት» አለኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ በክፍላችን ውይይት ሲደረግ ደግሞ አንድ ጓደኛችን፣ «ይህ መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያንን የሚከስ ነው» ሲል ተናገረ። ሁለቱ ፍርዶች አንድ አይደሉም። ሻጩ ጥፋቱን ያየው ከአንዲት እናት ዘንድ ነው፤ ጓደኛችን ግን መጽሐፉ ጥፋቱን በሃይማኖት ላይ ጥሎታል ማለቱ ነው። የትኛው ወደ እውነት እንደሚቀርብ ለማወቅ አስቀድሞ ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ ማንኩሳ በተባለ የጎጃም አገር የሚኖሩ ድኾች ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በዛብህ ተባለ። እናቲቱ ልጇ እንዳይሞትባት ብትሠጋ፣ ቢያድግላት ዓለምን ንቆ፣ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳለች። ልጁ አደገ፣ ተማረ፣ ቅኔም ዐወቀ። ዲማ ጊዮርጊስ ሳለ ፊታውራሪ መሸሻ የተባሉት ባላባት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ከቤታቸው አስገቡት። መምህሩና ተማሪዋ ተዋደዱ። ከአባትዮዋ ኩራት የተነሣ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ እርሷም ኋላ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋውን ተከተለች። በመጨረሻም ያገኘችው ከሞት አፋፍ ደርሶ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ቍልፍ ስለቱ ነው። ስለት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ መሠረቱም ከመጽሐፍ ቅዱስ የራቀ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈ መካኒቱ ሐና ወንድ ልጅ ቢሰጣት ለእግዚአብሔር እንደምትሰጠው ተሳለች፤ ሳሙኤልንም በወለደች ጊዜ ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ቤተ መቅደስ ወሰደችው። ውድነሽም ያደረገችው በዚያው ፈለግ ነው። ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ልዩነት አለ። ሳሙኤል የስለት ልጅ ቢሆንም ኋላ ልጆች እንደ ነበሩት ያው መጽሐፍ ይነግረናል፤ ስማቸውም ኢዮኤልና አብያ ነው። ስለቱ ለአገልግሎት ሰጠው እንጂ ከትዳር አልከለከለውም።

ከበዛብህ ዕጣ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው በመጽሐፈ መሳፍንት ያለው የዮፍታሔ ታሪክ ይመስለኛል። ዮፍታሔ ከጦርነት በደኅና ቢመለስ ከቤቱ ደጅ ወጥቶ የሚቀበለውን ሁሉ መሥዋዕት ሊያደርግ ተሳለ፤ የወጣችውም አንዲት ልጁ ሆነች። ልጅቱም ወንድ ሳታውቅ የምትሞት በመሆኗ በተራራ ላይ ሁለት ወር አለቀሰች። በሁለቱም ታሪኮች ተሳዩ አንድ ሰው፣ ከፋዩ ግን ሌላ ሰው ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ቢሆን የውድነሽን ያህል አይጠይቅም። መነኵሴ በድንግልና ይኖራል፤ ነገር ግን ለቅስና የሚታጭ ዲያቆን አስቀድሞ በሕግ እንዲያገባ ተፈቅዶለታል። በየገጠሩ አጥቢያ ቀድሰው የሚያቈርቡ አብዛኞቹ ካህናት ባለትዳሮች፣ የልጆችም አባቶች ናቸው። በተክሊልና በቍርባን የሚፈጸም ጋብቻም ከምሥጢራት እንደ አንዱ ይቈጠራል። ስለዚህ በዛብህ መሪጌታም ቄስም ሆኖ፣ ሚስትም አግብቶ፣ እግዚአብሔርን ማገልገል ይችል ነበር። በሩን የዘጋበት ቀኖናው ሳይሆን የፈራች እናት ቃል ነው።

ይህን ልዩነት ሐዲስ ዓለማየሁ ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ራሳቸው የካህን ልጅ ናቸውና። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። እንግዲህ በዛብህ የተመላለሰባት ዲማ ደራሲው በወሬ የሰሙዋት አገር አይደለችም። የቈሎ ተማሪን ኑሮ፣ የመምህሩን ግርማና የባላባቱን ቤት ሥርዓት የጻፉት ካዩት ነው።

ከዚህም በላይ የቅኔ ቤት ለፍቅር ደራሲ የሚሰጠው አንድ ትልቅ ስንቅ አለ፤ ይኸውም ሰምና ወርቅ ነው። የቅኔ ተማሪ አንድ ነገር ተናግሮ ሌላ ነገር ማሰማትን ከሌሊት እስከ ሌሊት ይለማመዳል። ጌታው በሚሰማበት ቤት ውስጥ የሚዋደዱ ሁለት ወጣቶች የሚያስፈልጋቸው ይኸው ጥበብ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ፊደል ሲቈጥሩ የሚታየው ትምህርቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። አንባቢ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እያነበበ ይሄዳል።

የደራሲው የጽሕፈት ኑሮ በተከታታይ የተሠራ ሳይሆን በመንግሥት ሥራና በመከራ መካከል የተቈራረጠ ነው። በወጣትነታቸው «የአበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚባል ተውኔት ጽፈዋል፤ ጋብቻን የአገር ጕዳይ ማስረጃ አድርጎ መመልከት ከመጀመሪያው አብሯቸው እንደ ነበረ ከርእሱ ይታያል። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ዘመቱ፤ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከውም በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። ከእስር ከተፈቱ በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት በዲፕሎማትነት አገለገሉ፤ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደንም አምባሳደር ሆኑ። «ተረት ተረት የመሠረት» በ1948 ዓ.ም. ታተመ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ዕድሜያቸው 56 ዓመት ገደማ ነበር። ቀጥሎ ያለው ልብ ወለዳቸው «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልም እዣት» ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ወጡ። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። እንግዲህ ስለ ወጣቶች ፍቅር ይህን ያህል የጻፈው ብዕር በጎልማሳነትና በሽምግልና የሠራ ብዕር ነው። ምናልባትም የጐጂውን ወላጅ ልብ ሳይቀር በርኅራኄ ለመጻፍ ያስቻላቸው ይኸው የዕድሜ ብስለት ይሆናል። ውድነሽ በመጽሐፉ ውስጥ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጇን አጥብቃ የወደደች ሴት ናት።

ክርስትናንና ፍቅርን በአንድ ልብ ወለድ ያገናኙ ደራስያን ከሐዲስ ዓለማየሁ በፊትም ነበሩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ አረመኔ የነበረ ንጉሥ ጦቢያ የተባለችውን ክርስቲያን ልጃገረድ ወድዶ ክርስትናን ይቀበላል። በዚያ መጽሐፍ ፍቅር ወደ ሃይማኖት የሚያስገባ በር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። እርሳቸውም የቤተ ክህነት ትምህርት ሰው ሲሆኑ ዓላማቸው የጋብቻን ልማድ ማቃናት፣ ይልቁንም ያለ ዕድሜ መዳርን መንቀፍ ነበር። ለአፈወርቅ ፍቅር የሃይማኖት ረዳት ነው፤ ለኅሩይ ሃይማኖት የመልካም ትዳር መካሪ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ከሁለቱም የከበደ ጥያቄ አነሡ፤ በእግዚአብሔር ስም የተገባ ቃል ሰውን ሲጐዳ ምን ይደረጋል?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ከአውሮፓ ታሪክ ማየት ይቻላል። በ12ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ አቤላር የተባለ የሥነ መለኮት መምህር በአጎቷ ቤት ያስተምራት ከነበረችው ከኤሎይዝ ጋር ተዋደደ፤ ፍጻሜያቸው መለያየትና ምንኵስና ሆነ። ይህን የማነሣው ደራሲያችን ከዚያ ቀድተዋል ለማለት አይደለም። የተማረ ወጣት ድንግልናን በሚያከብር ትምህርት አድጎ ከተማሪው ጋር በአንድ መጽሐፍ ላይ ሲያጐነብስ የሚደርሰው ፈተና በየትም አገር አንድ መሆኑን ለማመልከት ነው።

ሆኖም ስለቱ ብቻውን በዛብህን ገደለው ማለት ፍርዱን ማጕደል ይሆናል። ሌላው ዘንግ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። ለልጃቸው የሚመጥን ባል አጥተው ዕድሜዋን ያሳለፉባት እርሳቸው ናቸው። ይህን የሚነግራቸው ዘመዳቸው ካሣ ዳምጤ ሲሆን፣ ሕዝቡ እውነት ስለሚናገር «ጉዱ ካሣ» እያለ እንደ እብድ ቈጥሮታል። ሲታይ ግን ጉዱ ካሣም ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ ሊቅ ነው። ደራሲው ልማድን እንዲነቅፍ የመረጡት ሰው ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከዚያው ከቅኔው ማድጋ የተቀዳ ነው። ሃይማኖትን ሊከስ የተነሣ ደራሲ እንዲህ ያለውን ጠበቃ ባልመረጠም ነበር።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከጓደኛችን ፍርድ ይልቅ የመርካቶው መጽሐፍ ሻጭ ፍርድ ወደ እውነቱ ይቀርባል። መጽሐፉ የሚከስሰው እምነትን አይደለም፤ አንድ ሰው በሌላው ሰው ሕይወት ላይ የሚገባውን ቃል ነው። በሻጩ ፍርድ ላይ የምጨምረው፣ እናቲቱ ብቻዋን አለመሆኗንና ያደረገችውም በፍቅር መሆኑን ነው።

በዛብህ የሸሸባት አዲስ አበባ ገበያዋ በአራዳ የነበረባት ከተማ ናት፤ መርካቶ ትልቅ ገበያ የሆነችው በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ከተዛወረ በኋላ ነው። ነገር ግን ከጎጃም የሚመጣው መንገድ ፍጻሜው ብዙ አልራቀም። የክፍለ አገር አውቶቡሶች ለብዙ ዘመን መንገደኛቸውን ያራገፉት በዚሁ በአዲስ ከተማ፣ በአውቶቡስ ተራ ነው። ከዚያ ከወረዱት ተማሪዎች መካከል በእናት ስለት ወይም በአባት ተስፋ የመጡ ስንት ይሆኑ? ዛሬ ወላጅ ልጁን ለምንኵስና አይሳል ይሆናል፤ «ሐኪም ይሁንልኝ፣ መሐንዲስ ይሁንልኝ» ብሎ መሳል ግን አልቀረም። እኛም በዚህ ትምህርት ቤት ያለን ወንድሞችና እኅቶች ያለንበትን የትምህርት ክፍል ማን እንደ መረጠልን ብንጠያየቅ ከመካከላችን የስለት ልጅ አይታጣም።

ወላጅን ማክበር ትእዛዝ ነው፤ ይህም ጽሑፍ ያንን ለማፍረስ አልተነሣም። ይሁን እንጂ ሐና ልጇን ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር ተጽፏል። መደረቢያውን በየዓመቱ ለመሥራት ልጁ ምን ያህል እንዳደገ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ሌላው ሰው ቃል የሚገባ ሁሉ ይህን መለካት ባይተው መልካም ነው።