አንዴ እሺ፣ አንዴ እንቢ

ጠዋት በአንድ ቁልፍ የተነሳች መኪና ከሰዓት በኋላ ገበያ ደጃፍ ላይ «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች። ደጋግመው ሲሞክሩ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ጋራዥ ሲወስዷት ደግሞ በመጀመሪያው ተነስታ ባለቤቷን ታሳፍራለች። መካኒኩም በዓይኑ ያላየውን ችግር በግምት «ባትሪ ቀይር» ይላል። እኔም ተቀብዬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ያው «ጠቅ» ተመለሰ።

ጥርጣሬው መዞር የነበረበት ወደ ሞተሪኖው ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው፤ ትልቁን ሞተር ለጥቂት ሰከንድ አዙሮ ያስነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ከመውጣቱ በፊት ይህ የሰው ክንድ ሥራ ነበር። ከፊት የሚሰካው ብረት ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር።

ቁልፍ ስናዞር መጀመሪያ የሚሄደው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሪኖው ላይ ያለውን ሶሌኖይድ ይቀሰቅሳል። ሶሌኖይዱ ብረት ስቦ አንዲት የመዳብ ሳህን ከሁለት የመዳብ ቁርጥራጮች ጋር ያጋጥማል። «ጠቅ» የሚለው ይህ ግጥሚያ ነው። ከ100 አምፔር በላይ የሚያልፈውም በዚያች ንክኪ ነው። በተነሳ ቁጥር ብልጭታ አለ፤ ብልጭታው መዳቡን ይበላዋል። አገራችንን በሞሉት ቶዮታዎች ላይ የሚገጠመው የዴንሶ ሞተሪኖ ብዙ ከሠራ በኋላ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ አንደኛው መዳብ ከሌላው ቀድሞ ይሳሳል። ሳህኗ በተመታች ቁጥር ትንሽ ስለምትዞር አንዳንዴ ደህናው ጠርዝ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይደርስም።

ስለዚህ መኪናዋ እንቢ ያለችበትን ደቂቃ አታባክኑት። የውስጥ መብራት አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ባትሪውንና የተሰካበትን ራስ ተመልከቱ፤ የላላ ወይም ዝገት የያዘ ራስ ደህና ባትሪ ያስወነጅላል። መብራቱ ሳይደበዝዝ «ጠቅ» ብቻ ካለ ነገሩ ሞተሪኖው ውስጥ ነው፤ ወይ መዳቡ፣ ወይ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን። ድምፅ ከሌለ ሪሌይና የቁልፉ ማብሪያ ይፈተሹ። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አድርጋችሁ ሞክሩ፤ በኤን ከተነሳች የማርሹ ስዊች ነው።

ቴስተር ያለው ሰው መገመት አያስፈልገውም። የሞላ ባትሪ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከባትሪ የመጣው ወፍራም ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን ወደ ሞተሪኖው ሆድ በሚገባው ብሎን ላይ ያድርጉ። «ጠቅ» ሲል ቁጥሩ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። 12 ላይ ከቆመ ኤሌክትሪኩ ደጅ ድረስ መጥቶ መግባት አቅቶታል።

የእኔ 12 ላይ ቆመ። የሶሌኖይዱ ክዳን ሲከፈት አንደኛው መዳብ ደህና ነበር፤ ሌላው መሃሉ ጠቁሮ እንደተጋጠ አጥንት ጎድጉዷል። ከሶማሌ ተራ የገዛነው ጥንድ መዳብ በመዳፍ ውስጥ ይጠፋል። ራሳችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፤ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ቁልፉ ቢወጣም ኤሌክትሪክ አለው።