የጊስ ቤንድ እናቶች ብርድ ልብስ

የአላባማ ወንዝ የሰልማ ከተማን አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ዞሮ ወደመጣበት ሊመለስ ይቃጣዋል። በዚያ እጥፋት ውስጥ፣ በሦስት በኩል ውኃ የከበባት ጊስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በመንግሥት መዝገብ ቦይኪን ተብላ ብትሰፍርም ነዋሪው ዛሬም የሚጠራት በድሮ ስሟ ነው። የመንደሯ ሴቶች ለባሎቻቸው፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ከአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ የሰፉት ብርድ ልብስ በአሜሪካ ታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ሲሰፋ ግን ሙዚየም በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። የሚታሰበው ማታ የሚበርደው ሰው ነበር።

አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ይህ ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ አለው። ከላይ የሚታየው ፊት ከብዙ ቁራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ነው። ከሥር ገበር አለው። በሁለቱ መካከል ሙቀት የሚይዘው ጥጥ ይነጠፋል። ሦስቱ ተደራርበው ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ይሰፋሉ። ከሩቅ ሲያዩት የስፌቱ መስመር ለጌጥ የገባ ይመስላል፤ ዋና ሥራው ግን ጥጡን ቦታው ላይ ማሰር ነው። መስመሮቹ በጣም ከተራራቁ ብርድ ልብሱ በታጠበ ቁጥር ጥጡ እየተንሸራተተ አንድ ጥግ ላይ ይጓጉልና ሌላው ቦታ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ ሰፊ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ገበሩንም ገልብጣ ታያለች፤ ስፌቱ እኩል መውጣቱ የሚታወቀው በዚያ በኩል ነውና።

እናት ፈትላ ለልጇ የምታሠራውን ጋቢ የለበሰ ሰው የእጅ ሥራ ስጦታ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። የጊስ ቤንድ እናት ግን አዲስ ፈትልም አዲስ ጨርቅም አልነበራትም። የነበራት ቤተሰቡ ለብሶ የጨረሰው ልብስ ነው።

የመንደሯ ታሪክ ጨለማ ነው። ጆሴፍ ጊ የተባለ ባለርስት ከሰሜን ካሮላይና መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1816 የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በ1845 ርስቱ ወደ ማርክ ፔትዌይ እጅ ዞረ። እሱም በባርነት የያዛቸውን መቶ ያህል ሰዎች ከሰሜን ካሮላይና እስከ አላባማ በእግር አስኬዳቸው። ባርነት በሕግ ሲቀር ልጆቻቸው በዚያው መሬት ላይ የእኩል አራሾች ሆነው ቀሩ። የጌታውንም ስም ይዘው ቀሩ፤ ከጊስ ቤንድ ሰፊዎች ብዙዎቹ ፔትዌይ የሚባሉት ለዚህ ነው፣ የሥጋ ዝምድና ባይኖራቸውም እንኳ። በ1932 በዱቤ ሲያበድራቸው የኖረው ነጋዴ ሞተና ዕዳው በአንድ ጊዜ ተጠየቀ። እንስሳው፣ ማረሻው፣ ጋሪው፣ የተቀመጠው እህል ሳይቀር ተጭኖ ተወሰደ። የብርዱን ወራት ቀይ መስቀል በሰጣቸው ራሽን አለፉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ቤት ሠራላቸው፤ ቤተሰቦቹም በረጅም ጊዜ ብድር የገዛ መሬታቸው ባለቤት ለመሆን በቁ።

ኩዊልቱ የተወለደው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ጥጥ ሲለቅሙ የሚውሉ ሴቶች ለራሳቸው ብርድ ልብስ የሚሆነውን ጥጥ የሚያገኙት ከመዳመጫው ወለል ላይ ጠርገው ነበር። ቆሻሻውን ከለቀሙለት በኋላ መሬት ላይ ዘርግተው በበትር እየደበደቡ ያፍታቱታል። ገበሩ ብዙ ጊዜ የዱቄት ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ላይ የታተመው ጽሑፍ በውኃና በሳሙና ብዛት ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፊቱ ደግሞ የወንዶቹ ቱታና ካኪ፣ የሴቶቹ ቀሚስና ሽርጥ ነው። ከእነዚህ ኩዊልቶች አንዱን ቀርቦ ለተመለከተ ሰው ብዙ ነገር ይታየዋል። በፀሐይ ነጥቶ ሰማያዊነቱ ሊጠፋ የደረሰ የቱታ ጨርቅ መሐል አራት ማዕዘን የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ቦታ አለ። ኪሱ ተፈትቶ የተነሳበት ቦታ ነው። ኪሱ ለዓመታት ፀሐይ ስለከለለው ጨርቁ የመጀመሪያ ቀለሙን እንደያዘ ቀርቷል። ጉልበቱ ላይ ተጥፎ የነበረው ጨርቅም እንዲሁ ዱካውን ትቷል። ሰውየው ሲያርስና ሲለቅም ያጎነበሰበት ዘመን በጨርቁ ላይ ይነበባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው የሚዙሪ ፔትዌይ ሥራ ነው። ባላቸው ናትናኤል ለረጅም ጊዜ ታመው ሲሞቱ፣ ነገሩ በ1942 ነው፣ ሚዙሪ የሟቹን የሥራ ልብስ አንድም ሳያስቀሩ ሰበሰቡ። ልጃቸው አርሎንዚያ ጨርቁን በመቅደድና በመገጣጠም አገዘቻቸው። ሱሪው፣ ሸሚዙ፣ የከረጢቱ ጨርቅ እየተቀጣጠለ ትልቅ ብርድ ልብስ ሆነ። አርሎንዚያ ራሳቸው የታወቁ ሰፊ ከሆኑ በኋላ እንደተናገሩት፣ እናታቸው የፈለጉት ባላቸውን የሚያስታውሱበትና ፍቅሩን የሚለብሱት ነገር ነበር። የተለበሰው ልብስ ሳይጣል፣ ለሌላ ሰው ሳይሰጥ፣ ሳጥን ውስጥም ሳይቆለፍ በየሌሊቱ አብሯቸው እንዲያድር አደረጉ። ስለ እጅ ሥራ ስጦታ ብዙ ይባላል፤ አንዲት መበለት ለራሷና ለልጆቿ የሰጠችውን ይህን የሚያህል ግን በቀላሉ አይገኝም።

አሠራሩ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። የጊስ ቤንድ ሴቶች በጣም የሚወዱት ንድፍ "የቤት ጣሪያ" የሚሉት ነው። መሐል ላይ አንድ ቁራጭ ይቀመጣል፤ በአራቱም ጎኑ ረጃጅም ቅዳጅ ይሰፋበታል፤ በዚያ ዙሪያ ሌላ፣ በሌላው ዙሪያ ደግሞ ሌላ እየተጨመረ አልጋውን እስኪሸፍን ያድጋል። በማስመሪያ ተለክቶ አይቆረጥም። ቅዳጁ ካጠረ በሌላ ቀለም ይቀጠላል፤ ጠርዙ ከተጣመመ የሚቀጥለው ቅዳጅ ጥመቱን ተከትሎ ይሄዳል። ዛሬ የሥዕል ተቺዎች የሚያደንቁት ያ ያልተጠበቀ የመስመር ስብራትና የቀለም ለውጥ የመጣው ያለውን ጨርቅ ሁሉ ከመጠቀም ነው። ይህ ማለት ግን በዘፈቀደ ተሠራ ማለት አይደለም። ድሃ ስለነበሩ እንዲያው ሳያውቁት አማረላቸው የሚለው አስተያየት ሴቶቹን ይበድላል። ቀዩን ቅዳጅ የት ማስገባት እንዳለባት የወሰነች፣ አልጥም ሲላት ፈትታ እንደገና የሰፋች እጅ እዚያ ላይ አለች።

ፊቱን እያንዳንዷ ብቻዋን ትገጣጥማለች። ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ መስፋት ግን የደቦ ሥራ ነው። የእንጨት ፍሬም ከጣሪያ ላይ በገመድ ይንጠለጠላል ወይም በእግር ላይ ይቆማል፤ ብርድ ልብሱ ይወጠርበታል። ሴቶቹ ዙሪያውን ከብበው ከየአቅጣጫው ወደ መሐል ይሰፋሉ፤ መዝሙር ይዘመራል፤ ልጆች ከፍሬሙ ሥር እየተሽሎከሎኩ መርፌው ሲወጣና ሲገባ ያያሉ። የአንዷ ሲያልቅ ወደ ሌላዋ ቤት ይኬዳል።

ሴቶቹ ከብርድ ልብስ ሌላ ትራስም ሰፍተዋል፤ ትራሱ ግን ወደ ጊስ ቤንድ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ የአካባቢው ጥቁር ነዋሪዎች ለመምረጥ መብታቸው ይታገሉ ነበር። በዚያ ትግል መካከል ወንዙን የሚያሻግራቸው ጀልባ በ1962 ቆመ፤ ተመልሶ ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1965 መንደሯን ጎብኝተዋል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1966፣ ፍራንሲስ ዋልተር በተባሉ ቄስ አስተባባሪነት የአካባቢው ሴቶች ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ብርድ ልብሳቸው ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ተሸጠ። በ1972 ደግሞ ሲርስ የተባለው ታላቅ የሱቅ ድርጅት ከኮርዶሮይ ጨርቅ የተሰፋ የትራስ ልብስ አዘዛቸው። የትራስ ልብሱ ተቆርጦ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ወሰዱት። ወርቃማ፣ አቮካዶ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቀይ፤ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው በቱታ ሰማያዊና በካኪ ተወስኖ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ትዕዛዙ የድርጅቱን ልክና ንድፍ ተከትሎ ሲሰፋ፣ ቤት ውስጥ ለልጅና ለልጅ ልጅ የተሠራው ግን የፈለጉትን ንድፍ ያዘ። ኮርዶሮይ ወፍራም ስለሆነ በቀጭን ስፌት አይበገርም፤ የእነዚያ ዓመታት ኩዊልቶች ስፌታቸው ሰፋፊ፣ ቀለማቸው ግን የሚያበራ የሆነው ለዚህ ነው።

ዊልያም አርኔት የተባለው የጥበብ ሥራ ሰብሳቢ በ1990ዎቹ መጨረሻ አኒ ሜይ ያንግ የሰፉትን አንድ ብርድ ልብስ በፎቶግራፍ አይቶ እየጠየቀ መንደሯ ድረስ ሄደ። የድሮ ኩዊልቶች አልጋ ሥር ተጣጥፈው ነበር። ያረጁት ጢሳቸው ትንኝ እንዲያባርር የሚቃጠሉበትም ጊዜ ነበር። ኩዊልቶቹ በ2002 ሂውስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ታዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ በአሥር ኩዊልቶች ምስል ቴምብር አሳተመ። በ2015 ሜሪ ሊ ቤንዶልፍ፣ ሉሲ ሚንጎና ሎሬታ ፔትዌይ ለሕዝብ ባህል ጥበበኞች የሚሰጠውን ታላቅ አገር አቀፍ ክብር ተቀበሉ። ክብሩ የሚገባቸው ነው። ሆኖም ሙዚየም ውስጥ ከሥራው አጠገብ የሚለጠፈው ካርድ የሰፊዋን ስም፣ ዓመቱንና የጨርቁን ዓይነት ይናገርና ከሥሩ ተኝቶ ያደገውን ልጅ ሳይጠቅስ ይቀራል። ብርድ ልብሱ ግን የተሠራው ለዚያ ልጅ ነው፤ ስፋቱም የተወሰነው ስንት ወንድምና እህት አብረው እንደሚተኙ ታስቦ ነው።

ለሚወዱት ሰው መስፋት የጊስ ቤንድ ብቻ አይደለም። በ1840ዎቹ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ወደ ሌላ አካባቢ ለሚሄድ ቤተሰብ ወይም ለሚሸኝ ቄስ ጎረቤቶቹ እያንዳንዳቸው ስማቸውን በቀለም የጻፉበት ቁራጭ እየሰፉ አንድ ኩዊልት አድርገው መስጠት በጣም ተለምዶ ነበር። ኤድስ ሳን ፍራንሲስኮን ሲያራቁታት ደግሞ ክሊቭ ጆንስ የተባለው የመብት ታጋይ የመታሰቢያ ኩዊልት ሐሳብ አመጣ። እያንዳንዱ ቁራጭ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የአንድ ሰው መቃብር ያህል። በጥቅምት 1987 ዋሽንግተን ላይ ሲዘረጋ 1,920 ቁራጮች ነበሩት፤ ዛሬ 50,000 ገደማ ደርሷል። እናቶች የልጆቻቸውን ጂንስ፣ ሸሚዝና የልጅነት አሻንጉሊት ሰፍተውበታል።

ትልቅ ብርድ ልብስ ለመጀመር ድፍረት ላጣ ሰው ከሸሚዝ የሚሠራው የመታሰቢያ ትራስ ይቀለዋል። በአገራችን ከተሞች የትራስ ልብስ ላይ አበባና ወፍ ጠልፎ፣ ጠርዙን በኪሮሽ ዳንቴል ሠርቶ ለሙሽራ መስጠት የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ እጇ የለመደ ሴት ብዙ አለች። ሥራው እንዲህ ነው። ሸሚዙ ታጥቦ ይተኮሳል፤ ቁልፎቹ ይቆለፋሉ። የቁልፉ መስመር መሐል ላይ እንዲውል፣ ኪሱም ሳይቆረጥ እንዲገባ ተደርጎ በጠመኔ አራት ማዕዘን ይሰመራል። ውስጡ የሚገባው ትራስ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቁ በየጎኑ 43 ይቆረጣል፤ አንድ ተኩል አንድ ተኩሉ ለስፌት ነው። ከመቁረጥ በፊት ቁልፍ የስፌቱ መስመር ላይ እንዳይወድቅ ማየት ያስፈልጋል፤ የስፌት መኪናው መርፌ ቁልፍ ላይ ካረፈ ይሰበራል። ከሸሚዙ ጀርባ በዚያው ልክ ሌላ አራት ማዕዘን ይወጣል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተገጥመው አራቱም ጎን ይሰፋል፤ ከዚያ ቁልፎቹ ተፈትተው በዚያ በኩል ይገለበጣል። ትራሱ የሚገባውም የሚወጣውም በሸሚዙ ቁልፍ ስለሆነ ዚፕ አያስፈልግም። ካናቴራ ከሆነ ጨርቁ ስለሚሳብ ከመቆረጡ በፊት በጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ይለጠፍበታል።

የሟች ልብስ ሲሆን መቀስ ከማንሳት በፊት ቤተሰቡን ሁሉ መጠየቅ ግድ ነው። ለአንዱ መጽናኛ የሚሆነው ለሌላው ቁስል ሊሆን ይችላል፤ የተቆረጠም አይመለስም።

ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር በ2012 ተዘግቷል። ስፌቱ ግን አልቆመም። ከ2021 ጀምሮ ሰፊዎቹ በኢንተርኔት የየራሳቸውን ሱቅ ከፍተው ይሸጣሉ፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ብርድ ልብሶቹን ከቤት አውጥተው በገመድ ላይ በመስጣት የሚያከብሩት በዓል አላቸው፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው መጥቶ ከሰፊዎቹ ጋር ተቀምጦ ይማራል። ስጦታ ሊሰፋ የተነሣ ሰው መጨረሻ ላይ ገበሩ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ይስፋበት፤ ማን እንደሰፋው፣ ለማን እንደተሰፋና ዓመተ ምሕረቱን በማይለቅ ቀለም ወይም በክር ይጻፍበት። ሲቀመጥም በፕላስቲክ አይታሸግ፣ እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋልና፤ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳይሰበር በየጊዜው ተፈትቶ በሌላ በኩል ይታጠፍ።