በነፃ የተገኘ ኦርጋን ስንት ያስወጣል?

የመጀመሪያውን ኦርጋን ያመጣሁት «በነፃ፤ መጥቶ ለሚያነሳ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነው። ባለቤቴ «አሜሪካን አገር ነፃ ነገር አለ እንዴ?» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ሦስት ጓደኞቼን ለምኜ፣ ቫን ተከራይቼ፣ ወገባችን እስኪቆረጥ ተሸክመን ቤዝመንት አወረድነው። ሶኬት ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ከዚያ ምንም። ኦርጋኑ በ1970ዎቹ የተሠራ ባለትራንዚስተር ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ውስጡ የነበሩት ቺፖች ዛሬ በቀላሉ አይገኙም። ከሁለት ወር በኋላ ለዕቃ አንሺዎች 180 ዶላር ከፍዬ አስወጣሁት። ለጓደኞቼ የጋበዝኩትን ክትፎ ሳልቆጥር ማለት ነው።

እንደዚያ ከስሬም ሁለተኛ ገዛሁ። እብደት ነው የምትሉ ካላችሁ ባለቤቴም የምትለው እሱን ነው።

እኛ አገር ቁልፍ ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ «ኦርጋን» እንላለን። ሠርግ ላይ ብቻውን ባንድ ሆኖ የሚያመሸውን ኪቦርድም ኦርጋን እንለዋለን። እኔን የያዘኝ ግን የድሮው ድምፅ ነው። በ1977 የወጣውን የኃይሉ መርጊያና የዋሊያስ ባንድን «ቸ በለው» የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ኃይሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ ቀረ። ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ይዞ ተመለሰ። ይህንን ታሪክ ለልጄ ስነግራት «ታክሲው ውስጥ ሳይሆን ለምን ቤቱ አልተጫወተም?» አለችኝ። እንግሊዝኛ ነው የመለሰችልኝ፤ ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ቤታችን ውስጥ ያኔ አንድ ጭንቀት ነበር። አማቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ሬድዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ግን ጠዋት ሁላችንም ስንወጣ ብቻቸውን ይቀራሉ። ማታ ስንመለስ ያው ሶፋው ላይ እናገኛቸዋለን። ልጄና እሳቸው ይሳሳማሉ እንጂ አይነጋገሩም፤ ቋንቋ የለማ። አንድ ቀን እራት ላይ «ትኬቱን ቁረጡልኝ፤ እዚህ የማረባው ነገር የለም» አሉ። ባለቤቴ ሳህኗን ትታ ተነሳች።

ሁለተኛውን ኦርጋን ላይ ስሄድ ይዣቸው የሄድኩት ለምክር ነበር። እውነቱን ለመናገር ከቤት እንዲወጡም ብዬ ነው።

ኦርጋኑ ሃሞንድ ኤም-3 ይባላል። ከ1955 እስከ 1964 ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቢ-3 በደህና ይዞታ ላይ ካለ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ኤም-3 ግን ከነፃ እስከ ጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። እኔ 150 ከፈልኩ። ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ቡከር ቲ ጆንስ በ1962 «ግሪን አንየንስ»ን የተጫወተው በኤም-3 ነው።

ሻጯ በር ከፍተው ሲያስገቡን አማቴ ሰላምታም ሳይጨርሱ ወደ ኋላው ዞሩ። «ጀርባውን ክፈትልኝ።» እኔ ፊት ለፊቱን፣ እንጨቱን ነበር የማየው። እሳቸው ግን ሽቦው በአይጥ ተበልቶ እንደሆነ፣ ውኃ የነካው ቦታ እንዳለ፣ ዝገት እንዳለ በባትሪ አዩ። ቀጥለው ሞተሩን በጣታቸው ቀስ ብለው አዞሩት። «ይዞራል። ይሄ የሚድን ነው» አሉ። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፦ ከፊት ያለው ቧጨራ ምንም አይደለም፣ ጀርባውን አስከፍቱ።

ሃሞንድ የሚድንበት ምክንያት አሠራሩ ነው። ፈልሳፊው ሎረንስ ሃሞንድ ኦርጋኑን በ1935 ለገበያ ከማቅረቡ በፊት የኤሌክትሪክ ሰዓት ይሠራ ነበር። ኦርጋኑም ልቡ እንደ ሰዓት ነው። አንድ ሞተር ከሰማንያ በላይ የብረት መንኮራኩሮችን ሳይዘገይና ሳይፈጥን ያዞራል። የመንኮራኩሮቹ ጠርዝ ወጣ ገባ ነው። እያንዳንዱ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ አጠገብ ሲሽከረከር፣ እንደ ድሮ ብስክሌት ዲናሞ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ነው ድምፅ የሚሆነው። ከቁልፎቹ በላይ ያሉትን ዘንጎች እየሳባችሁ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ትቀላቅላላችሁ። ስለዚህ የሚበላሸው በአብዛኛው የሚታይና የሚነካ ነገር ነው።

መጀመሪያ ዘይት። መንኮራኩሮቹ በዓመት አንዴ ለዚሁ የሚሸጠው ቀጭን ዘይት ይፈልጋሉ። ዘይቱ በክር እየተሳበ ነው የሚደርሳቸው። የኛው ስንት ዓመት ሳይጠጣ እንደኖረ እንጃ። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ልረጭ ስል አማቴ እጄን ያዙኝ፤ እሱ ቶሎ ይደርቅና ጭራሽ ያጣብቀዋል። ዘይቱን ጨምረን ሁለት ሳምንት ተውነው።

ቀጥሎ ማጉያው። እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቲዩቦች አሉት፤ በሦስት መቶ ቮልት ገደማ ይሠራል። እዚህ ላይ ወላጆች ስሙኝ፦ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪኩን ይዘው ይቆያሉ፣ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። አማቴ ለልጄ ያስተማሯት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የተነቀለም ይመታል» የሚል ነበር። የሽቦ ሥራውን እሷ በሌለችበት እሳቸው ጨረሱት። ያረጁትን ካፓሲተሮች ለወጡ፤ ባለሁለት እግሩን ስፒናም አውጥተው ምድር ያለው ባለሦስት እግር አደረጉለት። ይህንን ሙያ የሚያውቅ ሰው ቤታችሁ ከሌለ ለባለሙያ ከፍላችሁ አሠሩ። ዩቲዩብ አይቼ እሠራለሁ አትበሉ።

ለልጄ የተረፋት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። የቁልፎቹ መነካኪያዎች አቧራ ሲይዙ ድምፅ ይቆራረጣል፤ መድኃኒቱ ደጋግሞ መምታት ነው። ቁልፎቹ 88 ናቸው፣ 44 ከላይ፣ 44 ከታች። አማቴ «እያንዳንዱን ሠላሳ ጊዜ» አሏት፤ በአማርኛ እንድትቆጥር። መጀመሪያ ቀን አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ሁሌ ትስታለች፣ እሳቸው «እንደገና!» ይላሉ። እሷ ትናደዳለች። ከሥራ ስገባ ከቤዝመንት የሚሰማው ቆጠራና ጭቅጭቅ ነው። ጭቅጭቁ ግን በአማርኛ ሆነ። ግማሹ በእጅ ምልክት ቢሆንም።

የማስነሻው ሥርዓት ራሱ ደስ ይላል። አንዱን ማብሪያ ስምንት ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ ሳትለቁ ሁለተኛውን ታበራላችሁ፣ አራት ሴኮንድ ትቆጥራላችሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ትለቃላችሁ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ስናስነሳው ሞተሩ አጉረመረመ፣ ዞረ፣ ቲዩቦቹ ቀሉ። ልጄ አንድ ቁልፍ ነካች። አማቴ ዞር ብለው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆማ ታይ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው የባለቤቴ ወንድም ይህን ሰምቶ «ለኔም አንድ ላኩልኝ፣ በትራንስፎርመር እጠቀማለሁ» አለ። ውጭ ያላችሁም ይህን እወቁ፦ ችግሩ ቮልቱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ዑደት ነው፤ የኢትዮጵያ፣ የአውሮፓ፣ የእስራኤል፣ የዱባይም 50 ነው። ሳዑዲ ግን 60 ነው። ሞተሩ ሰዓት ስለሆነ ፍጥነቱን የሚቀበለው ከመብራቱ ነው፤ በ50 ላይ ቀስ ብሎ ይዞርና «ዶ» ስትመቱ «ላ» ይሰማል። ትራንስፎርመር ይህንን አያስተካክልም። አውሮፓ ያላችሁ እዚያው ለ50 የተሠራውን ፈልጉ።

ሒሳቡን ለምትጠይቁኝ፦ ኦርጋኑ 150፣ ቫን 90፣ ዘይትና ካፓሲተር 140 ዶላር። ጓደኞቼ ሁለተኛውን ለመሸከም እምቢ ስላሉ ሁለት ሠራተኛ 160። በጠቅላላ 540። የመጀመሪያውን ጥፋቴን ካልደመራችሁት ነው።

አሁን ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ከእግር መርገጫዎቹ አንዱ ዝም ብሏል፣ ድምፅ ማጉያውም ዝቅ ያለ እንዝዝታ አለው። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ፈራ ተባ እያለች ስለ ትኬቱ ጠየቀቻቸው። አማቴ ከኦርጋኑ ኋላ አንገታቸውን ብቻ ብቅ አድርገው «ይቺን እንዝዝታ ሳላገኝ?» አሉና ለልጄ እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ካቻቪቴውን አቀበለቻቸው፤ «ትንሹን ነው ትልቁን?» ብላ።