ባዶ ታንከር ነዳጅ አልቀበል ሲል

መቅጃው የታንከሩ አፍ ውስጥ ገብቶ እጀታው ሲጨበጥ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። እንደገና ይሞከራል፤ ሁለት ሊትር ሳይቀዳ አሁንም ቀጭ። ጌጁ ታንከሩ ሩብም እንደሌለው ያሳያል፣ መቅጃው ደግሞ ሞልቷል ባይ ነው። የሞተር ጀልባ በበዛባቸው እንደ ፍሎሪዳና ሚሺጋን ባሉ የአሜሪካ ግዛቶች ይህ ለባለጀልባዎች የተለመደ ራስ ምታት ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ማደያውን ስለሆነ ወደ ሌላ ማደያ ይሄዳሉ። እዚያም ያው ነው።

ባዶ የምንለው ታንከር ባዶ አይደለም፤ አየርና የቤንዚን ትነት ሞልቶታል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲገባ አንድ ሊትር አየር ቦታ መልቀቅ አለበት። የዘይት ቆርቆሮ አንድ ቦታ ብቻ ሲበሳ ዘይቱ እየተንደቀደቀ የሚወጣው፣ በሌላው ጥግ ሲደገም ግን ያለ ችግር የሚፈሰው በዚሁ ምክንያት ነው። በጀልባ ላይ ነዳጅ የሚገባበት ቱቦ ብዙውን ጊዜ የ38 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አየሩ የሚወጣበት መተንፈሻ ግን 16 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ የመኪና ቤንዚን መቅጃ በደቂቃ ከ10 ጋሎን፣ ማለትም ከ38 ሊትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ሕግ ይገድበዋል። በዚህ ፍጥነት ከተቀዳ ያን ያህል አየር በየደቂቃው በጣት በምታህል ቱቦ ሾልኮ መውጣት ይኖርበታል። መተንፈሻው ትንሽ ከጠበበ አየሩ መውጫ ሲያጣ ቤንዚኑ በሚገባበት በኩል ይመለሳል፤ ሲመለስም ቤንዚኑን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ታዲያ መቅጃው ይህን በምን ያውቃል? አያውቅም፤ ታንከሩ መሙላቱንም አለመሙላቱንም የሚለይበት መንገድ የለውም። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከእሷ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ እስከ እጀታው ድረስ ይዘልቃል። ቤንዚኑ በመቅጃው ውስጥ ባለ ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምርና ግፊቱ ይወርዳል፤ ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1797 ያብራራው ክስተት ነው። የወረደው ግፊት በቀዳዳዋ በኩል አየር ይስባል። አየር እስከተሳበ ድረስ መቅጃው ይቀዳል። ቀዳዳዋን ፈሳሽ ሲሸፍናት ግን አየር ስለማይገባ መምጠጡ ይበረታና አንድ ስስ ላስቲክ ይጎትታል፤ ላስቲኩም የእጀታውን መያዣ ይፈታዋል። ያ ፈሳሽ የሞላ ታንከር ይሁን በአየር ተገፍቶ የተመለሰ ቤንዚን ለመቅጃው አንድ ነው። ኤሌክትሪክም ሆነ ኮምፒውተር ሳይኖረው ይህን ሁሉ መሥራቱ በእኔ አስተያየት ከጀልባው ሞተር በላይ የሚደነቅ ነው።

መተንፈሻውን የሚደፍነው ማን ነው? ከሁሉ በፊት ነፍሳት። በጭቃ ጎጆ የሚሠሩ ተርቦች እንዲህ ያለ ጠባብና ጨለማ ቀዳዳ ይወዳሉ፤ ሸረሪቶችም እንዲሁ። ጉዳዩ ተራ እንዳይመስል፦ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዚያም በ2014 መኪኖቹን ለጥገና የጠራው አንድ ዓይነት ቢጫ ሸረሪት በነዳጅ ትነት መስመር ውስጥ ድር እያደራ መተንፈሻውን በመድፈኑ ነበር። በ2014 ብቻ 42 ሺህ ገደማ መኪኖች ተጠርተዋል። በጀልባ ላይ ደግሞ የባሕር ጨው፣ ቀለምና የጀልባ ሰም ይጨመራሉ። በመተንፈሻው ጫፍ ላይ ያለችው ጥቅጥቅ ያለች ወንፊት በእነዚህ በቀላሉ ትደፈናለች።

ነፍሳት ባይኖሩ ቱቦው ራሱ ሊሆን ይችላል። የመተንፈሻ ቱቦ መሐል ላይ ከረገበ ጎድጓዳው ውስጥ ቤንዚን ይጠራቀምና እንደ ቡሽ ይዘጋዋል። ያረጀ የመሙያ ቱቦም ውስጡ ሊላጥና የተላጠው ቆዳ ቤንዚን በመጣ ቁጥር መንገዱን ሊከድን ይችላል። ይህን ከውጭ ማየት ስለማይቻል ብዙ ባለጀልባ ያታልላል።

ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምር። መቅጃውን ጥቂት ወደ ውጭ ሳብ አድርጎ፣ ትንሽ አዙሮ፣ በዝግታ መቅዳት። በዝግታ ከተቀበለ አየሩ እየወጣ ነው፤ ግን በጭንቅ። ቀጥሎ የመሙያውን ክዳን ከፍቶ በመተንፈሻው በኩል በትንሽ የእጅ ፓምፕ ቀስ ብሎ አየር መስደድ ነው። አየሩ በመሙያው አፍ በኩል ከተሰማ መስመሩ ክፍት ነው። ኮምፕሬሰር ግን አይታሰብ። የቤንዚን ታንከር በፋብሪካ የሚፈተነው በ3 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ነው፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ደግሞ 30 ያህል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በአሜሪካ በተሠሩ ብዙ ጀልባዎች በመተንፈሻው መስመር ላይ ትነቱን የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ አለ። መቅጃው ከዘጋ በኋላ «ትንሽ ልጨምር» የሚል ሰው ቤንዚኑን እዚህ ማጣሪያ ውስጥ ያስገባዋል። በቤንዚን የራሰ ከሰል ደግሞ አየር አያሳልፍም። የሚቀጥለው የመሙላት ችግር የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

በጣና፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ላይ በውጭ ሞተር የሚሄዱት ትናንሽ ጀልባዎች ታንከራቸው ብዙ ጊዜ በእጅ የሚነሳ ስለሆነ ለመሙላት አያስቸግርም። እነሱ ዘንድ ያው ችግር በተገላቢጦሽ ይመጣል፦ የክዳኑ የመተንፈሻ ብሎን ሳይላላ ከተረሳ ቤንዚን እየወጣ አየር አይገባም። ሞተሩ በደንብ ተነሥቶ ሐይቁ መሐል ይጠፋል። ሞተሩን ከመፈታታት በፊት ብሎኗን ማየት ይበጃል።

የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ጀልባዋ ወለል ሥር ይወርዳልና እዚያው ይጠራቀማል። ሞተሩ ውስጥ የተገጠመበት ጀልባ ካለዎት ነዳጅ ሞልተው ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት የአየር ማስወጫውን ፋን ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ያሠሩት፤ ወለሉንም ያሽትቱ። የቤንዚን ሽታ ካለ ሞተሩን አያስነሡ።