ጣና ላይ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት

ከደብረ ታቦር ተሰባስበው፣ ብር አዋጥተው ጣናን ለማየት የሚወርዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በወረታ በኩል ባህር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ዳር ሲደርሱ ቀድሞ የሚቀበላቸው ግን ደላላው ነው። "ኑ፣ በቅናሽ!" ይላል፣ ጀልባውን ገና ሳታዩት ዋጋ ትከራከራላችሁ። እኛ የምንለው፦ መጀመሪያ ጀልባውን አሳየን በሉት።

እስቲ እውነቱን እናውራ፣ ደጋ አድገን ዋና የምንችል ስንቶቻችን ነን? ጣና በጣም ጥልቅ ሀይቅ አይደለም፣ ግን ለማይዋኝ ሰው ሦስት ሜትርም ያው ነው። ስፋቱ ደግሞ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ችግር ቢፈጠር ዳርቻው ሩቅ ነው።

ስለዚህ ላይፍ ጃኬት። "አለን" የሚለው መልስ አይበቃም፤ ቁጠሩት፣ ለአንድ ሰው አንድ። መቀመጫ ስር የታጨቀውን አውጡና ልበሱት። ማሰሪያው ይቆለፋል? ከዚያ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። አገጫችሁን አልፎ ጆሯችሁ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ያመልጣችኋል። የአየር ጋን አዝለው ባህር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች እንኳ ሳይገቡ በፊት አንዱ የሌላውን ዕቃ ይፈትሻል። እኛን የሚያሳፍረን ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሰዓቱን ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳና ሞገዱ ይበረታል። ጠዋት ከደብረ ታቦር ተነስታችሁ በዚያው ቀን ልመለስ ካላችሁ ውሃው ላይ የምትወጡት ልክ በመጥፎው ሰዓት ነው። ባህር ዳር አድራችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መነሳት ይሻላል። የአልጋው ብር ይቆጫል፣ እናውቃለን።

ነጂውን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፦ "ወንድሜ፣ ሞተሩ መሃል ላይ ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ?" መቅዘፊያውን ካሳያችሁ፣ ደውሎ የሚጠራው ሌላ ጀልባ እንዳለ ከነገራችሁ ጥሩ ነው። ከሳቀባችሁ ሌላ ፈልጉ። ጀልባው ስንት ሰው እንደሚጭንም ጠይቁ፤ "ተጠጉ፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው" የሚል ከመጣ ውረዱ።

ዋጋውስ? ኮንትራቱ ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የት የት ይቆማል፣ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል፣ በሂሳባችሁ ያዙት። ከተቻለ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ።

ሴቶች ካላችሁ ይህን ደላላው ላይነግራችሁ ይችላል፦ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባል፣ ለባህር ዳርም ቅርብ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ሴት ይገባል፤ እሱ ግን ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነ ረጅም ጉዞ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ካልያዛችሁ አትጀምሩት።

ሳትነሱ በፊት የነጂውን ስልክና የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ላኩ። ሰሞኑን የሄዳችሁ ደግሞ ጀልባው ስንት እንዳስከፈላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ስም ሳንጠቅስ ለሌሎቹ እናወጣዋለን።