የጥያቄ ምልክት የሆኑ ስሞች

የድረ ገጹ ቅጽ ላይ «ሰላማዊት» ተብሎ ተሞልቷል፤ ዳታቤዙ ሲከፈት ግን የሚገኘው አምስት የጥያቄ ምልክት ነው። በማይኤስኪውኤል አማርኛ የሚያስቀምጥ ሁሉ ይህን ችግር ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል፤ የሚጠፋው የሰው ስም ነውና።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «ሰ» ለምሳሌ ኢ1፣ 88፣ ቢ0 ነው። ላቲን1 የሚባለው ግን ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሚሰጥ ለግዕዝ ቦታ የለውም። ማይኤስኪውኤል ደግሞ 8.0 እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪወጣ ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሠንጠረዥ የሚፈጥረው በላቲን1 ነበር። እንዲህ ባለው ሠንጠረዥ አማርኛ ሲገባ፣ ስትሪክት ሞድ ከበራ «ስህተት 1366» ብሎ መዝገቡን አልቀበልም ይላል። ያበሳጫል፤ ስሙን የሚያድነው ግን ይኸው እምቢታ ነው። ስትሪክት ሞድ ከጠፋ በየፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት አስገብቶ፣ ማንም የማያነበው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያልፋል።

ስክሪን ላይ በሚታየው ብቻ መፍረድ አይቻልም። ሄክስ የተባለውን ፈንክሽን በዓምዱ ላይ ማስኬድ ነው። የጥያቄ ምልክት ባይት የሆነው 3ኤፍ ተደርድሮ ከመጣ ፊደሉ የለም፤ ከባክአፕ ወይም ከባለስሙ እንጂ ከሠንጠረዡ አይመለስም። ኢ188ቢ0 ብሎ ከጀመረ ግን «ሰ» በሙሉ ጤንነት ተቀምጧል ማለት ነው። ፕሮግራሙም በላቲን1 ተገናኝቶ ስለነበር ባይቶቹ ሳይነኩ አልፈዋል፤ የተሳሳተው ለዓምዱ የተሰጠው የፊደል ስብስብ መጠሪያ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው መዝገቡን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሠንጠረዡን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ ማለትም ወደ ሙሉው ዩቲኤፍ-8፣ ቀይር ብሎ ሲያዝ፣ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ባይት ራሱን የቻለ የላቲን ፊደል አድርጎ ይተረጉመዋል፤ የ«ሰ» ሦስት ባይትም ስድስት ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ብሎብ፣ ከዚያ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ወደ ቴክስት መመለስ ነው። በብሎብ በኩል ሲያልፍ ባይቶቹን የሚተረጉም የለም።

«ዩቲኤፍ8 ይበቃል» የሚሉም አሉ። በማይኤስኪውኤል ይህ ስም ከሦስት ባይት በላይ የማይቀበለውን ስብስብ ሲያመለክት ቆይቷል። ለአማርኛ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ ለገቡት የጉራጊኛ ፊደላት ግን አይበቃም፤ እነሱ አራት ባይት ናቸው።

ስለዚህ የተበላሸ መዝገብ የገጠመህ ባለሙያ፣ ዓምዱን ከመቀየርህ በፊት ባክአፕ ውሰድ፤ አንድ ረድፍም በሄክስ አይተህ ጀምር።