ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላ ለሚጠምቅ ሰው

በብዙው የአገራችን ክፍል ጠላ ሳይጠመቅ የሚከበር ዓመት በዓል፣ የሚጠጣ ማኅበር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለትምህርትና ለሥራ ከወላጆቹ ቤት ርቆ የሚኖር ወጣት ጠላ ሲጠጣ እንጂ ሲጠመቅ የማየት ዕድል የለውም። ጎጆ ወጥቶ የማኅበር ተራ ሲደርሰው ግን ጭንቅ ይይዘዋል። እንግዳ ተጠርቷል፤ ገብሱ፣ ብቅሉና ጌሾው በገንዘብ ተገዝቷል፤ ጠላው ቢበላሽ ኪሣራውም ኀፍረቱም የባለቤቱ ነው።

እኛ እንደምናየው ግን ጀማሪውን የሚያስጨንቀው ነገርና ጠላውን በእውነት የሚያበላሸው ነገር አንድ አይደሉም።

ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ከተጠነሰሰ፣ ብቅሉና ቂጣው ከተጨመረበት በኋላ ጥንስሱ ይፈላል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ ሽታውም ይለወጣል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ግን የደኅንነት ምልክት ነው። ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ በዓይን የማይታየው እርሾ ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደሚባለው አየር ይለውጠዋል። አረፋውን የሚያስነሣው ይኸው አየር ነው። በደጋ አገር ብርድ ሲበረታ መፍላቱ ቢዘገይም ሊያሳስብ አይገባም፤ እርሾ በብርድ ጊዜ ሥራው ቀስ ይላል። ጌሾ ቢበዛ ጠላው ይመራል፤ እንኩሮው በምጣድ ላይ ጠቆር ቢል ጠላውም ይጠቁራል፤ ሳይጠል ቢቀዳ ጉሽ ይሆናል። ይህ ሁሉ የጣዕምና የመልክ ጉዳይ ስለ ሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይታረማል።

ሊፈሩ የሚገባቸው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው እድፍ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ቢራን የሚያበላሹት ከውጭ የሚገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን አስረድቷል። እናቶቻችንም ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ለመዓዛው ብቻ አይደለም። ዛሬ በጋን ፋንታ የፕላስቲክ በርሜል የሚገዛ ሰው ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት አጥብቆ ይጠይቅ። ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። እንኩሮው ከምጣድ እንደ ወጣ በትኩሱ ቢጨመር እርሾውን ይገድለዋል። ስለዚህ በሰፊ ዕቃ ላይ በትኖ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። ደረሰ አልደረሰም እያለ ጋኑን በየሰዓቱ የሚከፍት ሰው ጠላውን በገዛ እጁ ያሆመጥጠዋል፤ ለምን ቢሉ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ተሕዋስያን ነፋስ ይፈልጋሉና። ሆኖም ገና በሚፈላበት ጊዜ በጀሪካን አድርጎ ክዳኑን አጥብቆ መጠምዘዝም አደጋ ነው፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል። በላዩ ላይ ጸጉራም አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ የታየበት ጠላ ግን ቢያሳዝንም ይደፋ እንጂ ለእንግዳ አይቀርብም።

እንግዲህ ጀማሪው የመጀመሪያ ሙከራውን በትንሽ እንስራ ቢያደርገውና ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ቢጀምር ይሻለዋል። ከሁሉም በላይ እናቱን ወይም አክስቱን ይጠይቅ። እነርሱ በዓይናቸውና በእጃቸው እንጂ በሚዛን አይለኩም፤ አሠራሩም እንደየአገሩ ይለያያል። ስለዚህ አጠገባቸው ተቀምጦ ብቅሉ ስንት ጣሳ፣ ጌሾው ስንት እፍኝ፣ ቀኑ ስንት እንደ ሆነ በደብተር መጻፍ የተማረ ወጣት ድርሻ ነው። የተጻፈ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አይጎድልም፤ ያልተጻፈው ግን ከባለሙያዋ ጋር ሊቀር ይችላል።